ከውሃ የተበደርነው ጅረት

የምሠራበት ቤተ ሙከራ ጀርመን ውስጥ ነው። ከካርቦን ናኖቲዩብ፣ ማለትም ከካርቦን ከተሠራ እጅግ ቀጭን ቱቦ፣ አየር በተመጠጠበት ክፍል (ቫኪዩም) ውስጥ ኤሌክትሮን እናፈልቃለን። ጫፉ በናኖሜትር የሚለካ ስለሆነ ጥቂት መቶ ቮልት ሲሰጠው ሳይግል ኤሌክትሮን ይተፋል። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ፎውለርና ኖርድሃይም በ1928 ቀመሩን ካወጡለት ወዲህ ነገሩ በወረቀት ላይ የታወቀ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲወርድ ግን አመል አለው።

አዲሱ ናሙና ከጠበቅነው በላይ የኤሌክትሪክ ጅረት ሰጠን። አለቃችን ደስ ብሏቸው ቁጥሩን በዚያው ቀን የሪፖርቱ ረቂቅ ላይ አሰፈሩት። ችግሩ ጅረቱ አይረጋም። የጅረቱን መለዋወጥ በመስመር በሚያሳየው መሣሪያ፣ በኦሲሎስኮፑ ላይ መስመሩ በሁለት ደረጃዎች መካከል ይዘላል፦ ላይ ጥቂት ይቆያል፣ ድንገት ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። ያንን የመሰለ ናሙና ማን ይጠርጥር? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ ሁሉም ገመዱ ላይ ዘመተ። የመሬት ሽቦው ተፈትቶ ታሰረ፤ ማጉያው በአሉሚኒየም ወረቀት ተጠቀለለ።

እኔን አልዋጥልህ አለኝ። ከመብራት መስመር የሚገባ ሁከት 50 ኸርዙን ጠብቆ ይመላለሳል እንጂ እንዳሻው አይዘልም። ናሙናውን ለይቼ በቦታው ያንኑ ያህል ጅረት የሚያሳልፍ ሬዚስተር፣ ተራ የጅረት መግቻ፣ አስገባሁ። መስመሩ ቀጥ አለ፤ ገመዱ በነጻ ተሰናበተ።

በቫኪዩሙ ውስጥ የቀረውን ጋዝ ስንመረምር ጎልቶ የወጣው የሞለኪውል ክብደት 18 ቁጥር ነበር፤ ውሃ። ክፍሉ ሲከፈት ግድግዳው የጠጣው እርጥበት ነው። አሙቆ ማድረቁ ጊዜ ስለሚፈጅ በጥድፊያ ታልፎ ነበር። የውሃ ሞለኪውል ጫፉ ላይ ሲያርፍ ለኤሌክትሮኑ መውጣት ይቀለዋል፤ ሲነሳ ይከብደዋል። ሰፊ ገጽ ቢሆን የብዙዎቹ መምጣትና መሄድ እርስ በርሱ ይጣፋ ነበር። እዚህ ጫፍ ላይ ግን የአንዲቷ እንኳን ይታያል።

ክፍሉን አድርቀን ጫፉን ስናግለው ዝላዩ ጠፋ፤ ጅረቱም አብሮ ወደቀ።

«አቃጠላችሁት እንዴ?» አሉ አለቃችን።

አልተቃጠለም። ቮልቴጁን ከፍ ስናደርግ ጅረቱ ተመለሰ፣ ያውም ረግቶ። ያስፈነጠዘን ትርፍ የውሃው ነበር። አለቃችን ግን በቀላሉ አላመኑንም፤ ጥቂት እርጥበት መልሰን አስገብተን ጅረቱ ሲያድግና ሲዘል በዓይናቸው ካዩ በኋላ ነው የመጀመሪያውን ቁጥር የሰረዙት። እያጉረመረሙ።