መብራቱም እዚያ ነበረ

«ልጄ፣ እኔ እዚያ ነበርኩ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በስብሰባው ላይ ወደ እኔ የዞረ ሰው አልነበረም።

ይህ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም አውቶቡስ ስጠብቅ ወይም ሳህን ሳጥብ ያቺ ንግግር ትመጣብኛለች። ያሉት ውሸት አልነበረም። ሰውዬው በስድሳዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ገና የሃያ ዓመት ልጅ ሳሉ ለንደን ውስጥ በአንድ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ገመድ ይጎትቱ ነበር፤ ኋላም የቴሌቪዥኑ ምስል ወደ ፊልም የሚቀዳበት ቴሌሪኮርዲንግ ክፍል ገብተው ሠርተዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላ እኔ ወደምሠራበት የፊልም ስካን ቤት በሳምንት ሁለት ቀን ለአማካሪነት ይመጣሉ። እኔ ደግሞ ደሴ ተወልጄ አዲስ አበባ ያደግሁ፣ ለንደን ከገባሁ ስድስተኛ ዓመቴን የያዝኩ ሰው ነበርኩ። እሳቸው በዓይናቸው ያዩትን ዘመን እኔ የማውቀው በስካነሩ መስኮት አጮልቄ ነው።

ነገሩን ያስነሣው የፊልም ጥቅል 16 ሚሊሜትር፣ ጥቁርና ነጭ፣ በብርሃን የሚነበበው (ኦፕቲካል) ድምፁ ጠርዙ ላይ የታተመ ነው። የመጣው ከአንድ የግል ሰብሳቢ ቤት ሲሆን ቆርቆሮው ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። የባንዱን ስም አልጠራም፤ የፈረምኩት ውል ዛሬም ያስረኛል። ኮትና ከረባት ያደረጉ አራት ወጣቶች፣ ዙሪያቸውን የሚጨፍሩ ልጆች፣ ሦስት ዘፈን። ይኸው ነው።

ግን እጄ ተንቀጥቅጧል። የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቀኝም። ያኔ የሚቀረጸው 2 ኢንች ስፋት ባለው ቪዲዮ ቴፕ ላይ ነበር። ቴፑ ውድ ስለሆነ የትናንቱ ይጠፋና የዛሬው ይቀረጽበታል። ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ የተባለው የቢቢሲ የሙዚቃ ፕሮግራም ጃንዋሪ 1 ቀን 1964 ማንቸስተር፣ ዲከንሰን መንገድ ላይ፣ ስቱዲዮ ከተደረገ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ተጀመረ፤ የስድሳዎቹ ዝግጅቶቹ አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ቢትልሶች ራሳቸው ስቱዲዮው ገብተው በቀጥታ የቀረቡበት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ጁን 16 ቀን 1966። የዚያ ቀን ቴፕም የለም። በ2019 የተገኘው ቁራጭ አንድ ተመልካች ቤቱ ተቀምጦ የቴሌቪዥኑን መስታወት በ8 ሚሊሜትር ካሜራ የቀረጸው ነው፤ ድምፅ እንኳ የለውም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በዚሁ ፕሮግራም ካቀረቡት ደግሞ አንዲት ቁራጭ የተረፈችው ዶክተር ሁ የተባለው ተከታታይ ድራማ በ1965 ባንዱ ክፍሉ ውስጥ ስላስገባት ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ያለፈውን ዘመን በሚያሳይ መሣሪያ ሲያዩዋት ይታያሉ። የአንድ አገር ሙዚቃ በእንዲህ ዓይነት አጋጣሚ ነው የተረፈው። ስለዚህ አንድ ቆርቆሮ ሲከፈት እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ።

በዚያ ላይ ከተረፈው ብዙው ፕሌይባክ ነው። ሬዲ ስቴዲ ጎ የተባለው ሌላው የሙዚቃ ፕሮግራም እንኳ ኦገስት 1963 ሲጀምር ሸክላው እየዞረ ዘፋኞቹ ከንፈር ነበር የሚያንቀሳቅሱት፤ ወደ ላይቭ የዞረው በ1965 ነው። የኔ ጥቅል ላይ ግን ጊታሮቹ ገመዳቸው ተሰክቷል፤ ማጉያዎቹ ፊት ማይክሮፎን ቆሟል። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ዘፋኙ ከፍ ወዳለው ኖታ ሲወጣ ድምፁ ይሰነጠቅና ወደ ድራመሩ ዞሮ ይስቃል። ሸክላ ላይ የሌለ ሳቅ ነው። ያን ሳቅ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ድምፁን ከምስሉ ጋር አገጣጠምኩ፤ 26 ፍሬም (ነጠላ ሥዕል) መሳብ ነው፣ የሙያው ሰው ያውቀዋል። አጫወትኩት። ልቤ ከበደ። ሁሉም በቦታው አለ፣ ግን ሰዎቹ ውኃ ውስጥ እንደሚራመዱ ናቸው።

አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚቃ ቤት ነበረው፤ ካሴት ይቀዳ ነበር። ዴኩ ሲያረጅ ወይም ቴፑ ባትሪው በደከመ ቁጥር «ስማው እስቲ፣ ይሄ ዘፋኝ እንቅልፉ መጥቷል» ይለኝና ካቻቢቴውን አንስቶ ከሞተሩ ኋላ ያለችውን ትንሽ ብሎን ይነካታል። ዘፋኙ ይነቃል። ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ የዘፈን እንቅልፍ ምን እንደሚመስል አውቅ ነበር። ያን ቀን ስካነሩ ፊት የሰማሁት እሱኑ ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነበር። ደንበኛችን ለሲኒማ የሚሆን ዘጋቢ ፊልም ስለሚሠራ ፕሮጀክቱ ከመነሻው በሰከንድ 24 ፍሬም ተከፍቷል። ጥቅላችን ግን ቴሌሪኮርዲንግ ነው፤ የቴሌቪዥን መስታወት ፊት ካሜራ አቁሞ የሚቀዳ ፊልም ማለት ነው፤ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ደግሞ 25 ነው። 25ቱን በ24 ስታስኬደው ሦስት ደቂቃ በሚሆን ዘፈን ላይ ሰባት ሰከንድ ተኩል ይጨመራል፤ ድምፁም የግማሽ ድምፅ 70 በመቶ ያህል ይወርዳል። ፕሮዲዩሰሩ ለዓመታት ሲያየው የኖረው አሮጌ ቅጂም በ24 የተሠራ ስለነበር ጆሮው ለምዶታል።

በስብሰባው ላይ ይህንኑ ተናገርኩ። «ቀርፋፋ ነው። በ25 መሄድ አለበት።»

ፕሮዲዩሰሩ ወደ እኔ አላየም፤ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«መድረክ ላይ እንደዚህ ነበሩ» አሉ እሳቸው፣ ረጋ ብለው። «ከበድ ያሉ። የሚቸኩለው ሸክላው ነው።»

«ግን ቴሌሪኮርዲንግ ከሆነ…»

«ልጄ፣ እኔ እዚያ ነበርኩ።»

በእንግሊዝኛ ነው ያሉት፤ እኔ ግን በአማርኛ ነው የሰማሁት። ቤታችን ትልቅ ሰው «አይቻለሁ» ካለ «አላዩም» አይባልም። አንገቴ ሳላዘው ጎንበስ አለ። ምን ልበል? እኔ እዚያ አልነበርኩም። አባቴም አልነበረም፤ እነዚያ ልጆች ሲጫወቱ እሱ ወሎ ውስጥ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ነበር። የሰማሁትን ሰምቻለሁ፤ ግን የሰማሁት በሌላ ሰው አገር ሙዚቃ ላይ ነው። ይህ ሐሳብ ከእሳቸው አልመጣም፤ ከራሴ ነው የመጣው፤ ከሁሉ የሚያመኝም እሱ ነው። ዝም አልኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ «24 ጸድቋል» ተብሎ ተጻፈ። ሊበተኑ ሲሉ ደግሞ ፕሮዲዩሰሩ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ድምፁ የሚሰነጠቅበትን ቦታ በሸክላው ድምፅ እንደርብበት የሚል ሐሳብ አነሳ። ያቺ ሳቅ መጣችብኝ። አፉ ይስቃል፣ ድምፁ ይዘፍናል፤ እንደዚያ ሊያደርጉት ነው።

ማታ ሰው ሲወጣ ቀረሁ።

ከሸክላው ጋር ማወዳደር አያዋጣም፤ ላይቭ ነውና በሌላ ፍጥነት ሊጫወቱት ይችላሉ። የጊታሪስቱን እጅ አየሁ። ክፍት ኢ ኮርድ ይዟል። የሚሰማው ግን ኢም አይደለም፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚለው ኢ ፍላትም አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ነው። ጥሩ ምልክት ነው፤ ግን ጊታር በጆሮ ይቃኛል፣ «ዝቅ አድርገው ቃኝተው ይሆናል» ቢሉኝ መልስ የለኝም።

ከዚያ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዘፈን መካከል ያለውን ፋታ ከፈትኩ። ጭብጨባው በርዶ የሚቀጥለው ሳይጀምር ሦስት ሰከንድ ያህል አለ። ከሥሩ ያ ሁላችንም የምንጠላው፣ ስናጸዳው የምንውለው እምም የሚል የመብራት ድምፅ አለ፤ ኸም የምንለው። ድምፅን በንዝረቱ ፍጥነት ዘርዝሮ በሚያሳየው ሥዕል፣ ስፔክትረሙ ላይ አወጣሁት። ቀጥ ያለ መስመር 48 ኸርዝ (በሰከንድ 48 ንዝረት) ላይ። ከላዩ 96። ከዚያ 144።

ወንበሩ ላይ ተደገፍኩ። የእንግሊዝ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ቴሌቪዥኑም 25 ፍሬም የተደረገው ከዚሁ ከ50 ጋር እኩል እንዲራመድ ተብሎ ነው። 48 የሚሰጥ መብራት ኃይል በየትኛውም አገር የለም። ወደ 25 መለስኩት፤ መስመሩ ሄዶ 50 ላይ ቆመ። ሰው ይረሳል፤ ጊታር እንደ ቃኚው ነው። ከስቱዲዮው ግድግዳ ሶኬት የወጣው መብራት ግን ያን ምሽት በራሱ ፍጥነት ነበር የሚሄደው። እሱም እዚያ ነበረ።

አሁን የምናገረው ውሳኔዬ ነው ዋጋ ያስከፈለኝ። ለፕሮዲዩሰሩና ለአለቃዬ በአንድ ኢሜይል መላክ እችል ነበር። አልላክሁም። ትልቅ ሰው በሰው ፊት አይታረምም ብዬ ሽማግሌው የሚመጡበትን ቀን ጠበቅሁና ብቻቸውን ወደ ክፍሌ ጠራኋቸው።

ስፔክትረሙን አዩት። «የእናንተ ማሽን ጩኸት ይሆናል» አሉ።

«ድምፁን ያነበብነው በሶፍትዌር ከፊልሙ ስካን ምስል ላይ ነው። የቤታችን መብራት ቢሆን ኖሮ ደግሞ 50 ላይ ይታይ ነበር እንጂ 48 ላይ አይታይም።»

አልመለሱልኝም። ሄድፎኑን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸውና ሦስተኛውን ዘፈን በ25 ለቀቅሁት። መጀመሪያ ፊታቸው አልተለወጠም። ቀጥሎ ቀኝ እግራቸው ወለሉን መምታት ጀመረ። ዘፈኑ ሲያልቅ በእጃቸው «መልሰው» አሉኝ፤ መለስኩት። ለሁለተኛ ጊዜ ሲያልቅ ሄድፎኑን አወለቁና ገመዱን ቀስ ብለው ይጠቀልሉት ጀመር፤ በስቱዲዮ ያደገ ሰው ገመድ ዝም ብሎ አይጥልም።

«ካሜራችን 25 ነበር» አሉ፣ ለራሳቸው የሚነግሩ ይመስል። «እኔ ራሴ ነበርኩ የማስነሳው። እንዴት ረሳሁት?»

ምን እንደምል አላወቅሁም። ደስታም ነበር፣ ማዘንም ነበር።

«ለፕሮዲዩሰሩ እኔ እጽፍለታለሁ» አሉ ሲነሡ። ተስማማሁ። እንዲያውም እፎይ አልኩ።

ኢሜይሉ በማግስቱ መጣ። ጥቅሉን እንደገና ሲመረምሩ በቴሌሪኮርዲንግ ልምዳቸው ፍጥነቱ ስሕተት መሆኑን እንደደረሱበት፣ የመብራቱ ድምፅ ማስረጃ እንደሆነ፣ ፊልሙ በ25 መስተካከል እንዳለበት ይናገራል። ከሥሩ የኔ ስፔክትረም ተያይዟል፤ የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ የስሜ ሁለት ፊደላት እንዳሉ ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ ግን የለሁም። ፕሮዲዩሰሩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መለሰ፦ «እዚያ የነበረ ሰው የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።»

ያን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልቆጠርኩም። ለአለቃዬ ሄጄ ነገርኳት። «ሥራው ተስተካክሏል አይደል?» አለችኝ። ተስተካክሏል። ለሲኒማው የሚሆነው የፍሬም ቅየራ ለብቻው ይሠራል፤ የዘፈኑ ርዝመትና ድምፅ እንዳለ ይቆያል። ሸክላውን የመደረቡ ሐሳብም ቀረ፤ እሱን ያስቀሩት ራሳቸው ሽማግሌው ናቸው፤ እዚያው ኢሜይል መጨረሻ ላይ «ዘፈኑን አትንኩት» ብለው ጽፈው ነበር። ይህን ሳልናገር ባልፍ እኔም እሳቸው ያደረጉትን ማድረጌ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየጥቅሉ መቀበያ ቅጽ ላይ «ኸሙ በስንት ነው?» የሚል መስመር ጨምሬያለሁ። አሁን ሁሉም ይሞላዋል። 52 የሚያሳይ ሲመጣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ለሲኒማ በ24 የተነሣ ፊልም በቴሌቪዥን 25 ተፈትልኮ ነው። ቢትልሶች በ1964 ከሪቻርድ ሌስተር ጋር የሠሩትን ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያየ ሰው ሁሉ ዘፈኖቹን ከትክክለኛ ቃናቸው ትንሽ ከፍ ብለው ነው የሰማቸው። አዲስ ለሚገቡ ልጆች «የሰማችሁትን በስብሰባው ላይ፣ በሁሉም ፊት ተናገሩ፤ ለብቻ አትንገሩ» እላቸዋለሁ። እኔ ግን ያ ቀን ቢደገም ሽማግሌውን በሰው ፊት ማረም የምችል አይመስለኝም።

ድምፁን የሚያዋህዱት ልጆች ኸሙን ሊያጠፉት ነበር። ዘፈኖቹ ሥር ያለውን አንሡት፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዘፈን መካከል ያለውን ሦስት ሰከንድ ግን ተዉልኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተዉት።

ፊልሙ ለሠራተኞቹ በታየ ቀን ሽማግሌው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። የመጀመሪያው ኮርድ ሲመታ ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «ለካ እንዲህ ፈጣን ነበሩ» አሉኝ። አልመለስኩላቸውም፤ ስክሪኑ ላይ ሁለተኛው ዘፈን ደርሶ ልጁ ድምፁ ተሰንጥቆበት ወደ ድራመሩ ዞሮ እየሳቀ ነበር። ጭብጨባው በረደ። በአዳራሹ ትልልቅ ማጉያዎች ያ እምም የሚለው ድምፅ ሦስት ሰከንድ ተሰማ፤ የሽማግሌው እግር ቆመ፤ ከዚያ ሦስተኛው ዘፈን ገባ።