«ጨጓራዬን ነው»

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ባለ ጤና ጣቢያ የዛሬው ወረፋ እንደ ወትሮው ነበር፤ ራስ ምታት፣ ጨጓራ፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»። «ድብርት ይዞኛል» ብሎ ካርድ የሚያወጣ እምብዛም ነው። ስለዚህ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ባለሙያው ነው።

ለመጀመሪያ ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ ባለፉት 2 ሳምንታት ነገር ሁሉ አላስደስት ብሎ ነበር? መከፋት ወይም ተስፋ መቁረጥስ? ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ 3 ከደረሰ ወደ ሙሉው የድብርት መጠይቅ፣ ወደ ዘጠኙ ጥያቄዎች ይኬዳል። ዘጠነኛው ራስን ስለመጉዳት ነው። እዚያ ላይ ጥቂትም ቢሆን «አዎ» ያለ ሰው በዚያው ቀን በደንብ ሳይታይ አይሸኝም። ነገሩ የሚበላሸውም እዚሁ ነው። በሩ ክፍት፣ አስታማሚ አጠገብ ቁጭ ብሎ ማን እውነቱን ይናገራል? (አማት ከሆነችማ ተዉት።)

የድብርት መድኃኒቱ ፍሉኦክሴቲን ለአዋቂ ብዙ ጊዜ በ20 ሚሊግራም፣ ጠዋት ጠዋት ይጀመራል። ማቅለሽለሹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፤ ለውጡ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ይህ ቀድሞ ካልተነገረው ታካሚው «አልተስማማኝም» ብሎ ያቆማል። ቀጠሮው በ2 ሳምንት ይሁን፣ ስልክ ቁጥሩም ካርዱ ላይ ይጻፍ። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ድረስ ሦስት ታክሲ አሳፍሮ መላክ ሕመሙ ለከበደበት ነው እንጂ ለሁሉም አይደለም።