ጠለፋውን በዘፈን አሳለፉት

ልጄ 6 ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ቡዳፔስት ነው የተወለደችው። እኔ በስኮላርሺፕ መጥቼ በዛው የቀረሁ ነኝ፣ እስካሁን ፋርማሲ ገብቼ የምፈልገውን እስክናገር ላብ ያጠምቀኛል፣ እሷ ግን በሀንጋሪኛ ህልም ሁሉ ታያለች።

ባለፈው ታህሳስ በረዶ ጥሎ ቤት ተዘግቶብን ሳለ አከራያችን ኔኒ (ኔኒ ማለት እንደኛ እትዬ በሉት) ኑ ካርቱን እንይ ብለው ጠሩን። ማርሴል ያንኮቪች የሚባል የሀንጋሪ ካርቱን ሰሪ ፊልም ነው፣ «የተአምረኛዋ አጋዘን ዘፈን» ይባላል፣ በፈረንጆቹ 2002 የወጣ፣ ሀንጋሪዎች ከየት እንደመጡ የሚተርክ። ካርቱን ስላችሁ ቶምና ጄሪ እንዳይመስላችሁ፣ የሰውየው ስዕል አንድ ቦታ አይረጋም፣ ፈረስ ነው ስትሉት ደመና ሆኖ ታገኙታላችሁ። ልጅቷ ኬኳን ረስታ አፏን ከፍታ ነው ያየችው።

ተረቱ እንዲህ ነው። ሁኖርና ማጎር የሚባሉ ወንድማማቾች አደን ወጥተው አንዲት አጋዘን ያያሉ፣ እሷን ሲከተሉ ሲከተሉ ረግረግ አገር ይደርሱና አጋዘኗ ትሰወርባቸዋለች። እዛ ግን ሴቶች ሲጨፍሩ ያገኛሉ። አፈፍ አድርገው ወሰዷቸው! ከሁኖር ሁኖች (የጥንት ፈረሰኛ ተዋጊዎች ናቸው)፣ ከማጎር ሀንጋሪዎች ተወለዱ፣ አለቀ። ወንድማማቾቹ ያገቧቸው የሁለቱ ሴቶች አባት ስሙ ዱላ ነው፣ ሙት፣ ግን ዱላውን ያነሳ ሰው የለም።

ኔኒ ይሄ እኮ እኛ አገር ጠለፋ ነው የሚባለው አልኳቸው። ሳቁና ተረት እኮ ነው አሉኝ። እኔ ግን የእናቴ ታናሽ እህት ትዝ አለችኝ፣ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ እንስራዋ ብቻ ነው የተገኘው፣ ለሷ ማንም ዘፈን አላወጣላትም።

በኋላ ማታ ጎግል ሳደርግ አደርኩ። ይሄን ታሪክ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ኬዛዊው ሲሞን የሚባል ቄስ ነው ዜና መዋዕል ላይ ያሰፈረው፣ የቋንቋ ምሁራን ደግሞ ሀንጋሪኛ ከሁኖች ጋር ሳይሆን ከፊንላንድና ከኢስቶኒያ ቋንቋ፣ ይበልጡን ደግሞ ሳይቤሪያ ካሉት የሀንቲና የማንሲ ህዝቦች ቋንቋ ጋር ነው የሚዛመደው ይላሉ። ያንኮቪች ግን በ1981 የሰራውን «የነጭ ፈረስ ልጅ» የሚለውን ካርቱን ራሱ ለጥንቶቹ ፈረሰኛ ህዝቦች ለእስኩቴሶች፣ ለሁኖችና ለአቫሮች መታሰቢያ ነው ብሎ ነው የጀመረው። ልፈርድበት አልኩና ንግሥተ ሳባ ትዝ ስትለኝ ዝም አልኩ።

ካርቱኑን ያየን ቀን ደሞ ኔኒ ልጅቷ ስትጨቀጭቃቸው ሌላ ተረት፣ የነጩን ፈረስ አፈ ታሪክ ጨመሩላት። አርፓድ የሚባለው መሪያቸው ለአገሩ ገዢ ለስቫቶፕሉክ በወርቅ የተለበጠ ኮርቻ ያለው ነጭ ፈረስ ይልክለታል፣ በምትኩ ትንሽ አፈር፣ ትንሽ ሳርና የዳኑብ ውሃ ስጠኝ ይለዋል። ሰውየው ደስ ብሎት ሰጠ። ከዛ ምን ቢሉት ጥሩ ነው፣ አገርህን ሸጠህልናል ውጣ! ልጄ በሳቅ ሞተች፣ ኔኒም ሳቁ፣ እኔ ደሞ ቡናዬን እንደያዝኩ ውጫሌ! ብዬ ጮህኩ። አንቀጽ 17 እኮ ነው ፈረስ ላይ የተጫነ። ስቫቶፕሉክ ምስኪን ጣይቱ አልነበረችውም፣ ሲሸሽ ዳኑብ ውስጥ ሰጠመ ይላሉ። እነሱ አርፓድን ሆነው እኔ ስቫቶፕሉክን ሆኜ አንድ ተረት ሰማን።

በሳምንቱ ልጅቷ አርፓድን ካላየሁ ብላ የጀግኖች አደባባይ ሄድን። አደባባዩ የተወጠነው ለ1896ቱ በዓል ነው፣ እዚህ አገር የገቡበት 1000ኛ ዓመት። መቼ እንደገቡ በልኩ አይታወቅም፣ በዓሉንም ለ1895 ቀጥረው ዝግጅቱ ስላልደረሰ በዓመት ገፉት፣ የሀበሻ ቀጠሮ የኛ ብቻ ነው ያለው ማነው። ፓርላማቸውን ራሱ ለ96 ብለው 96 ሜትር አድርገውታል። እኔ በፈረንጅ 1896 ሲባል አድዋ እንጂ ሌላ አይታየኝም፣ ለልጄም ነገርኳት፣ አልሰማችኝም፣ ፈረሶቹን እየዞረች ታያለች።

ሐውልቱ ላይ ካሉት ሰባት የጥንት አለቆች የአንዱ ፈረስ ግንባሩ ላይ የአጋዘን ቀንድ አለው። እዛች ጋ ስትደርስ ቀጥ አለች።

«እማዬ፣ ቀንዷን ወሰዱባት እንዴ?»

ብርድ ነው፣ ነይ ሜትሮ ያመልጠናል አልኳት።