ከመጽሐፉ ውሰዱ፣ ፊልሙን ተዉት

እዚህ ጎንደር ድራማና አጭር ፊልም የሚሠሩ ጓደኞቼ ፍራንከንስታይን የተባለውን፣ ሰው ስለፈጠረው ጭራቅ የሚተርከውን የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ በአማርኛ ሠርተው ዩቲዩብ ላይ ሊጭኑት አስበዋል። ሐሳቡን በጣም ወድጄዋለሁ። ፒያሳ ቁጭ ብለን ስናወራ ግን "መብቱ የማን ነው? አንከሰስም ወይ?" የሚል ጥያቄ ተነሳና ክርክሩ ጦፈ። ግማሹ የድሮ ነው፣ ባለቤት የለውም አለ። ግማሹ ደግሞ የሆሊውድ ነው፣ አትንኩት።

መጽሐፉ ከቅጂ መብት ነፃ ነው። ደራሲዋ ሜሪ ሼሊ ያሳተመችው በፈረንጆቹ 1818 ነው፣ የሞተችው ደግሞ በ1851። በእኛ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት (ሥራውን የማባዛትና ከእሱ የመጠቀም መብት) የሚቆየው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ነው። አውሮፓ 70 ዓመት ይላሉ። በየትኛውም ብትቆጥሩት አልቋል። ስለ ደም መጣጩ የተጻፈው ድራኩላም ያው ነው፤ ደራሲው ብራም ስቶከር የሞተው በ1912 ነው። ግን የታተመበትን ዓመት ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ኤች ጂ ዌልስ ስለማይታየው ሰው የጻፈው በ1897 ቢሆንም እስከ 1946 ስለኖረ፣ መጽሐፉ እንግሊዝ አገር ነፃ የወጣው ገና በፈረንጆቹ 2017 ነው።

ጣጣው ያለው ፊልሙ ላይ ነው። ፍራንከንስታይን ሲባል ሁላችንም የሚታየን ያ ጠፍጣፋ ጭንቅላት፣ አንገቱ ላይ የተሰካው ብረት፣ ዩኒቨርሳል የተባለው የሆሊውድ ድርጅት በ1931 ከሠራው ፊልም የመጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዚያ ዘመን ፊልም 95 ዓመት ይጠበቃል፣ ማለትም እስከ ፈረንጆቹ 2026 መጨረሻ። ዩቲዩብ ደግሞ የአሜሪካ ድርጅት ስለሆነ ይሄ ሕግ እኛንም ይነካናል።

መጽሐፉን ያነበበ ሰው ግን ያን ፊት ምን ያደርግለታል? የሼሊ ፍጡር ቁመቱ 8 ጫማ ነው፣ ረጅም ጥቁር ፀጉር አለው፣ ቢጫ ቆዳው ከሥሩ ያለውን ጡንቻና ደም ሥር እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ደግሞ ዝም ብሎ የሚያጓራ አይደለም። ተደብቆ ሰው ሲያወራ እየሰማ ቋንቋ ይማራል፣ ያነባል፣ የሠራውን ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ለምን ፈጥረህ ጣልከኝ እያለ ይሞግተዋል። ይሄን ሙግት በጎንደር ልጅ አንደበት አስቡት እስቲ! እኔ ከብረቱ ይልቅ ይሄን ነው ማየት የምፈልገው።

ድራኩላም ላይ እንዲሁ ነው። በመጽሐፉ ቀን በአደባባይ ይሄዳል፤ ፀሐይ የሚገድለው ሆኖ የመጣው በ1922 ኖስፌራቱ በተባለው የጀርመን ፊልም ነው። ያ ፊልም ያለ ፈቃድ ስለተሠራ የስቶከር ሚስት ከስሳ ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ እንዲጠፉ አዝዞ ነበር፤ የተረፉት ናቸው ዛሬ የምናያቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዋናው መጽሐፍ ነፃ ነው ማለት ትርጉሙም ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ የአማርኛ ተርጓሚ በሥራው ላይ የራሱ መብት አለው። አያቶቻችን የነገሩን የጭራቅ ተረትም የሁላችን ነው፣ አንድ ደራሲ በራሱ ቃል አሳምሮ የጻፈው ግን የእሱ ነው። ስለዚህ ልጆቹ የ1818ቱን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ፕሮጀክት ጉተንበርግ ከተባለው የቆዩ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነፃ አውርደው ራሳቸው ይተርጉሙት። የሙግቱን ክፍል እኔ እጀምርላቸዋለሁ።