የድሬ ውሃ እና የቡፌ ብርጭቆ

ድሬዳዋ ለሚኖር ሰው የውሃ ኖራ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ማንቆርቆሪያው ታች ተጋግሯል። የሻወሩ ቀዳዳ ግማሹ ተደፍኗል። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ብርጭቆ ነው። ብርጭቆ እወዳለሁ። እንግዳ ፊት ጥርት ያለ ብርጭቆ ማቅረብ እንደ ክብር ነው የምቆጥረው። በእኛ ውሃ ደግሞ በደንብ የታጠበ ብርጭቆ እንኳ ያልታጠበ ይመስላል፤ ቤቱን ለምታስተዳድር ሴት ይህ ከባድ ነው።

አዲስ አበባ ያሉ እህቶቼ ነገሩ አይገባቸውም። ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድብ የሚመጣው ውሃ በአብዛኛው ከላይ የወረደ ዝናብ ነው፤ ድንጋይ ውስጥ ብዙ አልቆየም። የእኛ ከጉድጓድ ይወጣል። ዝናቡ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዝና ትንሽ ይኮመጥጣል። ከዚያ የኖራ ድንጋዩን እያሟሟ ይወርዳል። በጣሊያን ጊዜ የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ ድሬ የተተከለውም ይኸው ድንጋይ ስላለ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ ከ180 ሚሊግራም በላይ ያለበት ውሃ ኖራው በጣም የበዛ ይባላል። የኛን ማወቅ የፈለገ ማንቆርቆሪያውን ገልጦ ይይ።

እንግዲህ ብርጭቆው ላይ የምናየው ነጭ ነጠብጣብ እድፍ አይደለም። ውሃው ተንኖ ሲሄድ ትቶት የሄደው ድንጋይ ነው። ስለዚህ ላርጎ ብትጨምሩበት አይለቅም። ደረቅ ሳሙናማ ጭራሽ ያባብሰዋል፤ ሳሙናው ከኖራው ጋር ተያይዞ የሚያጣብቅ ግራጫ ነገር ይሠራል።

ጎረቤቴ አንድ ቀን ቡፌዬን ከፍታ እያየች፣ «አቦ! አንቺ በምንድን ነው የምታጥቢው?» አለችኝ። በዕድሜ እናቴን ታክላለች፤ ድሬ ግን አንቱታ የለም።

«ማጠቡን ተዪው፣ አታድርቂም እንዴ?» አልኳት።

«ይደርቃል እኮ ራሱ!»

ችግሩ እሱ ነው። ራሱ ሲደርቅ። በዚህ ሙቀት ጠብታው ፎጣ እስክታነሺ አይጠብቅም። ብርጭቆ ደፍቶ ማንጠፍጠፍ ለአዲስ አበባ ይሆን ይሆናል፣ እዚህ ግን ነጠብጣብ ማምረት ነው። እኔ ሁሉንም አጥቤ አልደረድርም። ጥቂት አጥባለሁ፣ አለቀልቃለሁ፣ ወዲያው እርጥቡን አደርቃለሁ፣ ከዚያ ወደሚቀጥሉት እሄዳለሁ። በሞቀ ውሃ ከለቀለቃችሁ መወልወሉ ይቀላል። ጨርቁ ብዙ ጊዜ የታጠበ አቡጀዴ ይሁን። አዲስ ፎጣ ክሩን ብርጭቆው ላይ ይተዋል። አንዱ ጨርቅ ሲርስ ሌላ ያዙ፣ የራሰ ጨርቅ ውሃውን ማዞር ብቻ ነው።

የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃም ለውጥ አለው። ውሃ ሲፈላ ከኖራው ብዙው ይወጣና ይዘቅጣል። አፍልቼ አቀዘቅዝና ከላይ ያለውን ጥሩውን ብቻ ቀስ አድርጌ እቀዳለሁ፤ ዝቃጩን አልነካም። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ሲጥል ደግሞ በርሜል አወጣለሁ። መጀመሪያ የሚወርደው የቆርቆሮውን አቧራ ይዞ ስለሚመጣ ያንን እደፋዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ለብርጭቆ አቻ የለውም።

አሁን የተጋገረው ምን ይሁን? ኖራን የሚፈታው ኮምጣጣ ነገር ነው። ቀድማችሁ በላርጎ ቅባቱን አንሱ፣ አቼቶ ቅባት ላይ አይሠራም። ከዚያ አቼቶና ለብ ያለ ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉት። ጥቃቅን አረፋ ካያችሁ ኖራው እየለቀቀ ነው። አቼቶ ከሌለ ሎሚ አለ። ቀፊራ ገበያ ሎሚ በረከሰ ጊዜ ጭማቂው ለሳምቡሳና ለፉል ይሄዳል፣ ልጣጩን ግን አልጥልም፤ የብርጭቆውን ውስጥ በእሱ አሻለሁ። ታቹ ጥግ ላይ የማይደረስበትን አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጨርሰዋል።

አፉ ላይ ወርቃማ መስመር ያለውን፣ ያን በጅቡቲ በኩል የሚገባውን የሻይ ብርጭቆ፣ አትዘፍዝፉት። ወርቁ ከላይ የተቀባ ስስ ነገር ነው፤ ኮምጣጣም ፍትጊያም ይበላዋል። በአቼቶ የራሰ ጨርቅ ከመስመሩ በታች ጠረግ፣ ለቅለቅ፣ ደረቅ። በቃ።

አመድና አሸዋ የሚጠቀሙ አሉ። ለድስት ይሁን፣ ለብርጭቆ ግን አይደለም፤ ይቧጭረዋል፣ ከዚያ ጭረቱ ውስጥ ኖራው በደንብ ይይዛል። የብረት ሽቦም እንዲሁ። በረኪና ደግሞ ኖራን ጨርሶ አይፈታም። ከሁሉ በላይ በረኪናን ከአቼቶም ከሎሚም ጋር አንድ ላይ እንዳታደርጉ! መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በተለይ መስኮት በሌለው ጠባብ ኩሽና ውስጥ አደገኛ ነው። ይህን ለሠራተኛችሁም፣ ለልጆቻችሁም ንገሩ።

አንዳንዱ ብርጭቆ ምንም ብታደርጉት ጭጋጉ አይነሳም። አንድ ጥግ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጋችሁ ጥቂት ቆዩና ጥረጉት። ጥርት ካለ ኖራ ነበር፣ ይድናል። እንደዚያው ከቀረ መስታወቱ ራሱ ተበልቷል ወይም ተቧጭሯል፤ አቼቶም ሎሚም አታባክኑበት። እንዲህ ያለውን እኔ ከቡፌው አውጥቼ ኩሽና አኖረዋለሁ፣ ለስኳርና ለቅመም መስፈሪያ።