ስንት ተተከለ ከማለታችን በፊት ስንት ነበረ?

ክረምት በመጣ ቁጥር የምንሰማው አንድ ቁጥር ነው። ስንት ችግኝ ተተከለ? ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ መባሉን ሁላችንም እናስታውሳለን። መትከሉ ጥሩ ነው፣ እኔም ተክያለሁ። ግን እዚህ ሰሜን ሸዋ ላደገ ሰው ሌሎች ጥያቄዎች አሉ። የተተከለው ምንድን ነው? እዚያ ቦታ ላይ ከዚያ በፊት ምን ነበረ? ከሦስት ዓመት በኋላስ ምን ተረፈ? ይህን ሳንጠይቅ ሰው በዕፅዋቱና በእንስሳቱ ላይ የሚያደርሰውን ለክተናል ማለት አንችልም። የለካነው የራሳችንን ሥራ ብቻ ነው።

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላችሁ በፈለጋችሁት አቅጣጫ ሂዱ፣ ባሕር ዛፍ ነው። ገብስና ባቄላ ይዘራበት የነበረው ማሳ፣ በጎች ይሰማሩበት የነበረው መስክ፣ የወንዙ ዳር ሁሉ ባሕር ዛፍ ሆኗል። ገበሬውን አልወቅስም። አጣናው ብር ነው፣ ቅጠሉ ማገዶ ነው፣ ውርጭ እንደ ገብሱ አይጨርሰውም፣ ልጅ ለመዳር ወይም ለማስታመም ድንገት ገንዘብ ሲያስፈልግ ቆርጦ ይሸጠዋል። ዛፉ በአጤ ምኒልክ ጊዜ ሲገባም የማገዶ ችግር ለማቃለል ነበር፣ ያንንም አቃሏል። ችግሩ የሚመጣው ባሕር ዛፉን «ደን» ብለን ስንቆጥረው ነው። ከላይ በሳተላይት ሲታይ አረንጓዴ ነው። ሽፋኑ ጨመረ ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። ውስጡ ገብታችሁ መሬቱን እዩት እስቲ። ደረቅ ቅጠልና የተላጠ ልጥ ነው፣ ሣር ከስንት አንዴ ነው የሚታየው።

አሁን ደግሞ በአንኮበርና በደብረ ሲና መሃል ወዳለው ወፍ ዋሻ ውረዱ። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶ አለ። ከፍ ስትሉ አስታው ይመጣል፣ ከዚያ ጅብራው። ግንዱ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል፣ እግራችሁ ሥር ያለው አፈር ደግሞ ስትረግጡት ይሰምጣል። ገደሉ አፋፍ ላይ ዕድል ከቀናችሁ የአንኮበርን ስም የያዘችውን ትንሽ ቡናማ ወፍ ታያላችሁ። ሳይንስ የመዘገባት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለችም። እንግዲህ ይህ ደንና ያ የባሕር ዛፍ ማሳ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ተቀብተው አንድ ካርታ ላይ ይቀመጣሉ። ሁለቱን የማይለይ ቁጥር ምን ይረባናል?

ስለ መለካት ሳስብ ሁልጊዜ ወደ መንዝ ነው የምመለሰው፣ ወደ ጓሳ።

ጓሳን ለማታውቁት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ላይ ያለ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የውርጭ አገር ነው። ስሙ የመጣው ከሣሩ ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን የሚከድነው፣ ገመድ የሚገምደው፣ የዝናብ ገሳ የሚሠራው በዚህ ሣር ነው። ሕዝቡ ደግሞ ከ400 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው የሚባል የቄሮ ሥርዓት ነበረው። አገሩ አስቦና ጌራ በሚባሉ ሁለት ክፍሎች ተከፍሎ ይተዳደር ነበር። ለእያንዳንዱ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመረጣል። ሣሩ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። ማንም አያጭድም፣ ከብት አይገባም። ሽማግሌዎቹ ሄደው ያዩታል። ደርሷል ካሉ በበጋ ይከፈታል፣ ክረምት ሲገባ ዳግም ይዘጋል።

እኔን በጣም የሚደንቀኝ ይሄ ነው። ማየቱና መወሰኑ አልተለያዩም። ሣሩን ያየው ሰው ራሱ ነው «ይከፈት» ወይም «ይዘጋ» የሚለው፣ ከተሳሳተም በሚቀጥለው ዓመት የራሱ ጣራ ነው የሚያፈሰው። ዛሬ ለዚህ ትልልቅ ስም እንሰጠዋለን፣ ክትትልና ግምገማ፣ ዘላቂ አጠቃቀም እንላለን። ግን ሪፖርቱን የሚጽፈው ሌላ፣ የሚያነበው ሌላ፣ በውጤቱ የሚጎዳው ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ቁጥር ማንንም ምንም ነገር ካላስከፈተ ወይም ካላስዘጋ ለእኔ ልኬት አይደለም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ወጣ። አዋጁ ለጭሰኛው ያደረገውን ማንም አይክድም። ጓሳ ላይ ግን የቄሮው ሥርዓት ከርስቱ ጋር ተያይዞ ስለነበር አብሮ ወደቀ። ባለቤት የሌለው መሬት መሰለ፣ የቀደመ ሁሉ ያጭዳል፣ ያሰማራል። ሣሩ ሳሳ። ሳሩ ሲሳሳ በምትኩ ቁጥቋጦው ተስፋፋ። በኋላ ሕዝቡ ራሱ ተሰባስቦ ኮሚቴ አቋቋመ፣ መተዳደሪያ ደንብ አወጣ፣ ጠባቂ ቀጠረ። ዛሬ የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ በክልሉ ሕግ ታውቋል። ያለ ሕዝቡ አንድም ቀን አይውልም ነበር።

ታዲያ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ምን ይለካል? መሣሪያው አያስቸግርም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ወይም የገመድ አራት ማዕዘን መሬት ላይ ታስቀምጣላችሁ። ውስጡ ያለውን ትቆጥራላችሁ፦ ስንት የጓሳ እግር አለ፣ ቁመቱ ስንት ነው፣ ስንቱ ታጭዷል፣ ባዶ አፈር ምን ያህል ነው፣ ትኩስ የፍልፈል ቁልል አለ ወይ፣ የበግ በጠጥ አለ ወይ። አንዱን ጓሳ በእጃችሁ ገለጥ አድርጉት። ላዩ በፀሐይ ቢደርቅም ሥሩ እርጥብ ነው፣ በመሃሉ የጣት ውፍረት ያላት የአይጥ መንገድ ታያላችሁ። ይህን በተወሰነ መስመር ላይ፣ በየተወሰነ ርቀት ትደጋግማላችሁ። በዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው መስመር ትመለሳላችሁ። ሚስጥሩ እሱ ነው፣ መመለሱ። አንድ ጊዜ የተቆጠረ ነገር ፎቶ ነው፣ ወዴት እየሄድን እንደሆነ አይነግረንም።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር «ይህን ያደረገው ሰው ነው ወይስ ዝናቡ?» የሚለው ነው። በልጉ የቀረበት ዓመት ሣሩ ቢያጥር በጎቹን ብቻ መክሰስ ልክ አይሆንም። ስለዚህ የተነካውን ቦታ ካልተነካው ጋር፣ ከመነካቱ በፊት ያለውን ከተነካ በኋላ ካለው ጋር ማስተያየት የግድ ነው። እዚህ ላይ እኛ የታደልን ነን። በየሰበካው ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ግቢው ውስጥ ጥዱና ወይራው በክብር ተጠብቆ ቆሟል። ከአጥሩ ውጪ ያለው ማሳ ድሮ ምን ይመስል እንደነበር ፍንጭ የሚሰጠን እሱ ነው። ዲያቆናቱና የሰንበት ተማሪዎቹ ስንት ዓይነት ዛፍ ግቢው ውስጥ እንዳለ ቢመዘግቡ አገር የሚጠቅም ሰነድ ይሆናል። ደብዳቤ ጽፎ ይህን ማስጀመር የአንድ ሰበካ ጉባኤ ሥራ ነው።

ደግሞ አንዱን እንስሳ ለብቻው መቁጠር ያሳስታል። ቀይ ቀበሮን ውሰዱ። በዓለም ላይ ያለው ከ500 አይበልጥም፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ጓሳ ያሉት በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። ጠዋት ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሣር እየነጩ ሲበተኑ ቀበሮው መሃላቸው ይገባል። አይሮጥም። ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው፣ ግልገሎቹን ዞር ብሎም አያይ፣ እነሱም አይደነግጡበትም። ጆሮው ወደ መሬት ነው፣ አይጥ ነው የሚፈልገው። ጓሳ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀበሮው ጭላዳ መሃል ሆኖ ሲያድን ከ100 ሙከራው 67ቱ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25ቱ ብቻ። አስቡት። ጭላዳው ገብስ በላብን ተብሎ ቢባረር የሚራበው ቀበሮው ነው ማለት ነው። ቀበሮ ብቻ የሚቆጥር ሰው የቀበሮው ቁጥር ሲያሽቆለቁል ያያል እንጂ ምክንያቱን አያገኘውም።

ቀበሮውን በአንድ ክረምት ሊጨርሰው የሚችለው ደግሞ የኛው ውሻ ነው። ባሌ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ገብቶ ቀበሮዎቹን ፈጅቷል። መንዝ ውስጥ እረኛ ያለ ውሻ አይወጣም፣ አጎቴም ውሻውን ይዞ ነው በጎቹን የሚያግደው፣ ጅቡ አለና። ውሻውን አስቀር ማለት አይቻልም። ማስከተብ ግን ይቻላል። ስለዚህ እኔ ቀበሌ ላይ ብሆን በመጀመሪያ የምጽፈው ቁጥር ስንት ውሻ አለ፣ ስንቱ ተከትቧል የሚለውን ነው። ስለ ቀበሮው ዕጣ ከዚህ የበለጠ የሚናገር አሃዝ ጥቂት ነው፣ ለቤተሰቡም ጤና ነው።

ማስተዳደሩ ላይ ስንመጣ ቅደም ተከተሉ የሚጠፋብን ይመስለኛል። መጀመሪያ ጉዳቱን ማስቀረት ነው። ካልተቻለ መቀነስ፣ ከዚያ የተጎዳውን እንዲያገግም ማድረግ፣ ምንም መላ ሲጠፋ ነው ማካካስ። እኛ ግን ከመጨረሻው እንጀምራለን። መንገድ ይወጣል፣ ፋብሪካ ይተከላል፣ ድንጋይ ይፈለጣል፣ «በምትኩ ችግኝ እንተክላለን» ይባላል። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ ጓሳን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። መንገዱ ለመንዝ ሰው ሕይወት ነው፣ ወላድ ሆስፒታል የምትደርስበት ነው። ግን ከመንገድ ጋር የሚመጣውን መኪና፣ ሱቅና ቆሻሻ አስቀድሞ ማሰብ ይቻላል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የወጣው 1995 ዓ.ም. ነው። ሥራ ሳይጀመር ጉዳቱ እንዲጠና፣ የአካባቢው ሕዝብም ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። ወረዳችሁ ላይ አንድ ፕሮጀክት ሲጀመር ግምገማው የት አለ ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። ጓሳ ሜዳ ላይ ዛፍ መትከል ጥበቃ አይደለም። እዚያ ዛፍ የሌለው ስለተጨፈጨፈ አይደለም፣ አገሩ የሣርና የጅብራ አገር ነው። ዛፍ ብትተክሉበት አይጧ ትሄዳለች፣ ከዚያ ቀበሮው ይከተላል። ውሃውም አለ። ከዚህ አፋፍ የሚወርደው ውሃ በምዕራብ ወደ አባይ በምሥራቅ ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው፣ ዝናቡን እንደ ሰፍነግ ይዞ ቀስ እያለ የሚለቀው ይሄው ሣር ነው። የተራቆተ ጓሳ በችግኝ ዘመቻ አይመለስም። የሚመለሰው አባቶቻችን ያደርጉት እንደነበረው ሲዘጋ ነው።

ማሳውም ወደ ላይ እየወጣ ነው። ድሮ ገብስ አይሆንም የተባለበት ተዳፋት ዛሬ ታርሶ ታዩታላችሁ። መሬት ጠቧል፣ ልጅ በዝቷል፣ ገበሬው ሌላ ምን ያድርግ? ቀበሮው ግን ከዚያ በላይ የሚሸሽበት የለውም፣ ተራራው ያልቃል። ስለዚህ የእርሻውን ድንበር በየዓመቱ መለካትና ምልክት ማቆም፣ ከድንበሩ በታች ላለው ገበሬ ደግሞ የተሻለ ዘር፣ የተሻለ የመንዝ በግ፣ የሱፍ ገበያ ማምጣት አንድ ላይ መሄድ አለባቸው። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ጠባቂና ገበሬ ማጣላት ነው።

መምህር የሆናችሁ ካላችሁ በዚህ ጥቅምት እንጀምር። ትምህርት ቤታችሁ አጠገብ አንድ መስመር ምረጡ፣ ሁለት ቦታ ይሁን፣ አንዱ የሚጋጥ አንዱ የተከለለ። ልጆቹ በገመድ አራት ማዕዘን ይሥሩ፣ በደብተር ይመዝግቡ፣ ደብተሩ ከልጆቹ ጋር እንዳይሄድ ትምህርት ቤቱ ያስቀምጠው። አንድ ቅጂ ለቀበሌው፣ አንድ ቅጂ ለወረዳው የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ስጡ። ስትሰጡም ባዶ እጃችሁን አትመለሱ፣ «ይህ ቁጥር ከዚህ በታች ከወረደ ግጦሹን ለስንት ጊዜ ትዘጋላችሁ?» ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።