ድንጋዮቼን እየደበቅኩ እንዴት እንዳካፈልኩ

ድንጋይ መሰብሰብ ቦታ ይፈጃል። ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ከገባሁ ወዲህ አልጋ ስር ያለው ካርቶን እየበዛ ሄዶ ባለቤቴ «ወይ እነሱ ወይ እኔ» ማለት ጀምራ ነበር። ሙዚየም እንዳልሰጣቸው ተራ ናቸው፣ እንዳልጥላቸው ደግሞ አንጀቴ አልቻለም። መላ የሆነኝ ጂኦካሺንግ ነው።

ለማያውቀው ሰው፣ የአዋቂዎች ድብብቆሽ በሉት። አንዱ ዕቃ የያዘ ሣጥን ደብቆ የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል፤ ሌላው በስልኩ እየተመራ ያገኘዋል፣ ውስጥ ባለው ደብተር ላይ ይፈርማል። ከውስጡ አንድ ነገር ከወሰደ በዋጋ የማያንስ ነገር ይተካል። ጨዋታው የተጀመረው በሜይ 2000 ኦሪጎን ውስጥ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት የሲቪሎችን ጂፒኤስ ሆን ብሎ ማዛባቱን በተወ ሰሞን። ያኔ በተደበቀው የመጀመሪያ ባልዲ ውስጥ የታሸገ ባቄላ ነበረበት። ዛሬ ምግብ ክልክል ነው፤ አውሬ ይጠራል። በዚህ የተነሳ አሞሌ ጨዌን አላስገባሁም። ለነገሩ እርጥበትም አይችልም።

መጀመሪያ ድንጋዮቹን በሣጥን ልደብቅ ያሰብኩበትን ፓርክ ኃላፊዎች አስፈቀድኩ። ናሽናል ፓርክ ውስጥ ድንጋይ ማንሳትም ሆነ ያለ ፈቃድ ሣጥን መደበቅ ክልክል ስለሆነ ወደዚያ አልሄድኩም። ሌላ ሰው ከደበቀው ሣጥንም 161 ሜትር መራቅ ግድ ነው። ጉድጓድ መቆፈር አይፈቀድም። ለሣጥን የጥይት ማስቀመጫ ቆርቆሮ ገዛሁ፤ ክዳኑ ጎማ ስላለው ውሃ አያስገባም። ወታደራዊ ጽሑፉን ግን በቀለም ሸፍኑት፣ ያየ ሰው ፖሊስ ይጠራል።

ትልቁ ሥራ ምን ላስገባ የሚለው ነበር። ጋሌና ያብረቀርቃል፣ ግን እርሳስ አለበት፤ ሣጥኑን የሚከፍቱት ደግሞ ልጆች ናቸው። ባልጩት ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለሆነ ተውኩት። ወርቅ የሚመስለው ፓይራይት እርጥበት ሲያገኘው አሲድ እያመነጨ ወረቀቱን ይበላል። የቀሩት ማግኔት የሚስበው ማግኔታይት፣ ካልሳይት፣ እዚሁ ኮሎራዶ የሚገኘው አረንጓዴው አማዞናይትና ጥቁር ኳርትዝ ናቸው።

እያንዳንዱን ለብቻው በትንሽ ዚፕ ከረጢት ከካርድ ጋር አደረግኩት። ካርዱ ላይ ስሙ፣ የተገኘበት ቦታ፣ አንድም ቤት የሚሞከር ነገር አለ። የካልሳይቱ «ኮምጣጤ ጠብ አድርግበት፣ አረፋ ያወጣል» ይላል። ሰው የሚወደው ይህንን ነው። ስምና አገር የሌለው ድንጋይ፣ ቆንጆም ቢሆን፣ ከመንገድ ጠጠር አይለይም።

ለመጀመሪያው አግኚ ሽልማት ማስቀመጥ የተለመደ ነው። እኔ የጥፍር ያህል የወሎ ኦፓል አስቀመጥኩ፤ ከደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው። ይህ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ጠፍቶ እንደ መስታወት ያሳያል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ካርዱ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ግን ማን ያነባል! ያገኘችው ሴትዮ ቤቷ ወስዳ አጠበችው። «አበላሸሁት!» ብላ ጻፈችልኝ። ጠረጴዛ ላይ ተይው፣ ፀሐይም ምድጃም አታሳዪው አልኳት። ከቀናት በኋላ ፎቶ ላከች፤ ቀዩም አረንጓዴውም ተመልሷል።

ሣጥን መንከባከብ ለማይመቸው ኧርዝካሽ የሚባልም አለ። ሣጥን የለውም፤ ቦታው ላይ ያለውን ድንጋይ አይቶ ጥያቄ መመለስ ነው። ለናሽናል ፓርክ የሚሻለው እሱ ነው፣ ያም ቢሆን በፈቃድ።

እኔ ግን ሣጥኑን እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ሰው ይተካል። ፕላስቲክ አሻንጉሊት የሚተው አለ፣ ከራሱ ስብስብ ቆንጆ ፍሎራይት የተወም አለ። ባለፈው ደግሞ አንዱ ካርድ የሌለው ሐምራዊ ድንጋይ ጥሎልኝ ሄዷል። መስታወት ይጭራል፣ ኮምጣጤው ምንም አላደረገውም፤ አሜቲስት (ሐምራዊ ኳርትዝ) ነው ብዬ ገምቻለሁ። ከየት እንዳመጣው ግን ደብተሩ ላይ በፈረመው ስም እየጠየቅኩት ነው።